ያረፈደው ጀግናና የጎደለው ገጽ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ዓይኑ አብሮት አይወጣም። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት በአራሚነት ስለፈጀሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያም ላንብብ የመድኃኒት ብልቃጥ ዓይኔ የሚሮጠው ወደ ስሕተቱ ነው። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ስትማረር፣ "የቤቱን ስሕተት አርመህ ጨርሰሃል፤ እስቲ ደግሞ የውጪውን ሂድና አርም" ብላ ታሰናብተኛለች። እኔም ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ጋዜጣ ስገልጥ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ሙጫ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ጋሽ ሙጫ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ገሚሱ ስለ ሙያቸው ነው ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ ክርክር ከያዙ ስለማይላቀቁ ነው ይላል። ያን ቀን ግን የሚከራከር ሰው ፊት አልነበራቸውም። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ሰላም ከማለታቸው በፊት የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ሰላም ብለውኝም እንደገና አዩት።

ለምን እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ሴት ልጃቸው ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሥቃይዋን ከማስታገስ ያለፈ የምናደርግላት የለም ማለታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ያልተነገራት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም የበሽተኛዋ ልጅ፣ አያቷ ዘንድ የምትኖረው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ናት። አባቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተ ከእናቷና ከአያቷ ሌላ የላትም። ከጠዋት እስከ ማታ ስለምትጠይቅ ሰው ሁሉ "ጥያቄ" ነው የሚላት። ለዚች ልጅ የተነገራት እናቷ ለሥራ ሥልጠና ሩቅ አገር መሄዷ ነው።

ጋሽ ሙጫ ከኮታቸው ሥር አንድ መጽሔት አወጡና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ኃላፊዋ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች፣ ለሽማግሌ የምትነሣ፣ ነገር ግን ከአቋሟ የማትነሣ ወጣት ናት።

"ይችን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ ልጄ" አሏት። "አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ነገር ለልጅቷ እንዳታውሺያት።"

"ይቀመጡ እንጂ፣ አባባ። ምን አስቀየመዎት?"

"መቀመጡ ይቅርብኝ። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ በቀጥታ እዚህ ነው የምትመጣው። ሳትደርስ ልሂድ።"

መጽሔቱ "የማዶ ሰዎች" የሚባለው የሥዕል ታሪክ ነው። ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የጋሽ ሙጫ ልጅ ሕፃን ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ በየወሩ ይወጣል። የሚተርከው እንደኛ ያለ ከተማ ስላለበት፣ ያው መንገድና ያው ሰው ስላለበት፣ ግን አንድ ነገር ብቻ ሌላ ስለሆነበት ዓለም ነው። ጀግናው "ምሰሶ" ይባላል፤ የሚወድቅ ነገርን ሁሉ በትከሻው ደግፎ ያቆማል። በወዲህኛው ዓለም ትልቁ ድልድይ ሲናድ ደርሶ ደግፎታል። በማዶኛው ዓለም ግን አርፍዷል። ታሪኩ የሚከተለው ያረፈደውን ነው።

"ምክንያቱን ካልነገሩኝ ልከለክላት አልችልም፣ አባባ" አለች ወጣቷ ወንበር እየሳበችላቸው። "መጽሐፍ የመከልከል ሥልጣን የለኝም።"

ጋሽ ሙጫ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ምክንያት ነው የምትፈልጊው? ሞልቶ! ይሄ ነገር ውሸታም ነው። እኔ ሳላነብ የማወራ እንዳይመስልሽ። የዓመቱን ጥራዝ የምሰፋላችሁ እኔ ነኝ፤ ሙጫው እስኪደርቅ ምን እሠራለሁ? ሁሉንም አንብቤዋለሁ።"

እኔ ጋዜጣዬን ዝቅ አደረግሁ። ይህን ያህል ዘመን ጎረቤታቸው ስሆን ጋሽ ሙጫ የልዕለ ጀግና ታሪክ አንባቢ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

"እሺ፣ ውሸቱ የቱ ላይ ነው?" አለች።

"ሞት የለበትማ! ጎርፍ ወሰደው ብለው ያስለቅሱሻል፤ ሦስት እትም ሳይቆይ ያው ሰውዬ ከሌላ ዓለም ፈገግ ብሎ ይመጣል። እንባሽን ማን ይመልስልሻል? ደግሞስ፣ ድሮ ማዶ አንድ ነበር። አሁን የማዶ ማዶ አለ፣ የማዶው ማዶ ደግሞ ሌላ ማዶ አለው። እኔ ራሴ የሰፋሁትን ጥራዝ ገልጬ የትኛው ምሰሶ የትኛው እንደሆነ ይጠፋኛል። አዲስ አንባቢማ ምን ይግባው!"

"እውነትዎን ነው" አለች።

ጋሽ ሙጫ ክርክር ጠብቀው ስምምነት ስላገኙ ትንሽ ተደናገሩ። "በየወሩም ዓለም ያልቃል" ብለው ቀጠሉ፣ ድምፃቸው ግን ቀዝቀዝ ብሏል። "ሰማዩ ይሰነጠቃል፣ ሕንፃው ይናዳል። በየወሩ የሚያልቅ ዓለም ማንን ያስፈራል?"

"እኔም አንድ ልጨምርልዎ። ሴቶቹ መስኮት ላይ ቆመው ከመጠበቅ በቀር ሥራ የላቸውም። ሠዓሊው በተለወጠ ቁጥርም የሰዎቹ መልክ ይለወጣል። ድክመቱን አልክድም፣ አባባ። በጎውንስ አላዩበትም?"

"ምን በጎ አለው?"

"ያረፈደ ጀግና ሌላ የት አይተዋል? ሌሎቹ ሁሉ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይደርሳሉ። ይሄኛው ድልድዩ ከወደቀ በኋላ የሟቾቹን ቤት በር እያንኳኳ 'አርፍጃለሁ' ብሎ በራሱ አፍ ይናገራል። አንዳንዱ በር ይዘጋበታል፣ አንዳንዱ ያስገባዋል። እዚህ የሚያነቡት ልጆች ስለ ጡንቻው አይደለም የሚጠይቁኝ። 'እኔ ብሆን በሩን እከፍት ነበር ወይ?' ነው የሚሉኝ። አንድ ነገር ሌላ ቢሆን ኖሮ ሕይወት ምን ትመስል እንደነበር ማሰብ፣ ከዚያ ያለችውን ሕይወት በአዲስ ዓይን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አሉ ጋሽ ሙጫ። ተረቱን የተናገሩት ግን በልማድ እንጂ በሙሉ ልብ አልነበረም፤ ዓይናቸው ሰዓቱ ላይ ነው።

ወጣቷ እየሳቀች የተመለሰውን መጽሔት ለመመዝገብ ገለጠችው። ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። መጽሔቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችና ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰች።

"አባባ፣ ይሄ እትም ከዚህ ሲወጣ በሽቦ ነበር የተያዘው።"

"ሽቦው... ዝጎ ነበር። ጠገንኩት።"

"ሐር በሚመስል ክር ነው የሰፉት" አለች ቀስ ብላ። "እንዴት ያምራል! ግን ገጽ ጎድሎታል።"

እኔም ተነሥቼ ሄጄ አየሁ፤ ስሕተት ሲገኝ መቀመጥ አልችልም። የዚህ ዓይነት መጽሔት ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ መሀሉ ላይ ስለሚያዝ፣ አንዱን ገጽ ከኋላ ያወጣ ሰው ጥንዱን ከፊት ማውጣቱ አይቀርም። ጋሽ ሙጫ ሁለቱንም አውጥተዋል። ሽቦውን ፈተው ወረቀቱን ካወጡ በኋላ ያንኑ የዛገ ሽቦ መልሰው ቢያጥፉት ማንም ልብ ባላለ ነበር። ነገር ግን እጃቸው እንቢ አላቸው። ዕድሜውን በሙሉ በመርፌና በክር የኖረ ሰው ለሸፍጡም ቢሆን ሥራውን አበላሽቶ መሥራት አልቻለም።

"የወጣው የትኛው ገጽ እንደሆነ አውቃለሁ" አለች ወጣቷ። "የምሰሶ እናት የምትሞትበት ነው። ድልድይ የሚያቆመው ልጅ እሷን ማቆም ሲያቅተው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እጇን ይይዛል። እሷም 'ዛሬ አላረፈድክም' ትለዋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ከወጣው ሁሉ ምርጡ ገጽ እሱ ነው።"

ጋሽ ሙጫ እንደገና ሰዓቱን አዩ።

"አባባ፣ እንደ ድፍረት አይዩብኝ። 'ሞት የለበትም፣ ውሸታም ነው' ብለው ከሰሱት፤ ትክክል ነው። ታዲያ እውነቱን የተናገረበትን አንድ ገጽ ነጥለው ያወጡት እርስዎ አይደሉም?"

እኔ በበኩሌ ጋሽ ሙጫ ተቆጥተው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ከዚያም ከወጣቷ ይልቅ ለኔ እንደሚናገሩ ሆነው ጀመሩ።

"ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድሜ። ምን ብዬ ልንገራት? በየማለዳው ሆስፒታል እሄዳለሁ። ልጄ 'ልጄን አምጣልኝ' ትለኛለች፤ 'ፈተና ላይ ናት፣ ሲያልቅ አመጣታለሁ' እላታለሁ። ቤት ስገባ ያችኛዋ 'እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?' ትለኛለች፤ 'ሥልጠናው ተራዝሟል፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ናት' እላታለሁ። መሀላቸው ቆሜ ሁለቱንም እዋሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልጄ አልጠየቀችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው? ደርሷል እኮ።"

"ታዲያ ለምን ያዘገዩታል፣ ጋሼ?" አልኩ። "ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። የርስዎ ስንቅ ያለቀ ይመስለኛል።"

"ልጅ ናታ! ልቧ ይሰበራል። የኛ ወላጆች ለልጅ ሞት አይናገሩም ነበር። ደግ አደረጉ። አባቴ ሲሞት እኔ ከሷ አንስ ነበር። 'መንገድ ሄዷል' አሉኝ፣ አለቀ።"

ወጣቷ በእርጋታ ጠየቀች፦ "እና መሞታቸውን መቼ ነገሩዎት?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ታዲያ እንዴት አወቁ?"

ጋሽ ሙጫ ባርኔጣቸውን አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት።

"መጠበቅ ሲሰለቸኝ" አሉ በመጨረሻ። "በየማታው በር ላይ እቆም ነበር። እናቴ 'ግባ፣ ብርድ ነው' ትለኛለች እንጂ ሌላ አትልም። አንድ ቀን መቆም ሰለቸኝ፤ ያን ጊዜ አወቅሁ። አልተሰናበትኩትም። ሲያለቅሱለት አብሬ አላለቀስኩም። እስከ ዛሬ..." ብለው አቆሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰውን የሚያሳምነው የሌላው ክርክር ነው ይባላል። እኔ እንዳየሁት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያሳምነው ከገዛ አፉ የወጣው ነው። ወጣቷ ይህን ስላወቀች አንድም ቃል አልጨመረችም። ጋሽ ሙጫ በር ላይ የቆመውን ያንን ትንሽ ልጅ ያዩት ያኔ ይመስለኛል፤ የልጅ ልጃቸውንም እዚያው በር ላይ እንዳቆሟት ገባቸው።

ከውጪ የተማሪዎች ጫጫታ ተሰማ። ጋሽ ሙጫ ደንግጠው ተነሡ፤ መጽሔቱን ወደ ኮታቸው ሥር ሊመልሱ እጃቸውን ሰደዱ። በሩ ግን ቀደማቸው። ጥያቄ የደብተር ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ገባች፤ አያቷን አየች፣ መጽሔቱን አየች፣ ሁላችንንም አየች። ለወትሮው ገና ከደጅ ጥያቄዋን የምትጀምር ልጅ ያን ቀን ምንም አልጠየቀችም።

"ምነው ዝም አልሽ፣ የኔ ልጅ?" አሉ አያቷ።

"ክሩን አይቼዋለሁ፣ አባባ" አለች። "ስዋሰው ሽቦ ነበረው። 'ሽፋኑ ላልቷል' ብለው ወስደው ሲመልሱልኝ ክር ሆነ። በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም።"

"እና ምን አልሽ?"

"መጨረሻው ላይ ምሰሶ ጥቁር ለብሶ ቆሟል፤ ማን እንደሞተ ግን የለም። አባባ ከመጽሐፍ ውስጥ ሞት የሚያወጡት ለምን ይሆን ብዬ አሰብኩ።" አንገቷን ደፋች። "ደግሞ ስልክ የማይሠራበት ሥልጠና የለም።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው። ማታ ማታ ሲያለቅሱ እሰማ ነበር።"

አንጀቴን በላችው። እነሆ ሽማግሌው ልጅቷ እንዳትሰበር ይዋሻሉ፤ ልጅቷም ሽማግሌው እንዳይሰበሩ ዝም ትላለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰው ለየብቻው ያለቅሳል፤ በሽተኛዋም ሆስፒታል ውስጥ ብቻዋን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ይህን ነው እኛ ርኅራኄ የምንለው።

ጋሽ ሙጫ በጉልበታቸው ዝቅ ብለው እጆቿን ያዙ። ያን ሰዓት ቃል ያልቅባቸዋል ብዬ ፈራሁ። አላለቀባቸውም።

"እናትሽ ሥልጠና አልሄደችም" አሉ። "እዚሁ ሆስፒታል ናት። በጣም ታማለች። ሐኪሞቹ አትድንም ብለውናል። እኔ ነኝ የደበቅሁሽ። በክፋት አይደለም፣ ፈርቼ ነው።"

ልጅቷ እንባዋ እየወረደ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ዛሬ አለች?"

"አለች።"

"ታዲያ እዚህ ምን እንጠብቃለን?"

የበሽተኛ መጠየቂያው ሰዓት ሊዘጋ ብዙ አልቀረውም። ጋሽ ሙጫ ከውስጥ ኪሳቸው በንጹሕ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ለወጣቷ ዘረጉ፤ የጎደለው ወረቀት ነበር። ጠራዥ ወረቀት አይጥልም። ወጣቷ ግን ለቤተ መጻሕፍቱ አላስቀረችውም፤ መጽሔቱንም ጨምራ ለልጅቷ ሰጠቻት። "እናትሽም በልጅነቷ ይህን ታሪክ ታነብ ነበር፣ አያትሽ ነግረውኛል" አለቻት። "አብራችሁ አንብቡት። መመለሻውን አታስቢ።"

ሁለቱ ተያይዘው ሲወጡ በመስኮቱ አየኋቸው። ሽማግሌው ኮታቸውን መቆለፍ ረስተዋል፤ ልጅቷ ወደፊት ትጎትታቸዋለች።

የሆነውን የሰማሁት በኋላ ከራሳቸው ነው። እናቲቱ ከግድግዳው ዞራ ልጇን ስታይ መጀመሪያ ያለችው "ፈተናው እንዴት ነበር?" ነው። ልጅቷም "ፈተና የለም፣ እማዬ፤ አባባ ፈርተው ነው" ስትላት ሦስቱም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ትሄድ ነበር። የእናቷን ፀጉር ታበጥራለች፤ "የማዶ ሰዎችን" ታነብላታለች፤ እናቲቱ የጥንቶቹን እትሞች ታሪክ እያስታወሰች ትነግራታለች። አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ እሷ በተወለደችበት ቀን ማን ምን እንዳለ፣ ሲከፋት ምን ብታደርግ እንደሚሻል፣ ሳይነገር የሚቀር የነበረ ነገር ሁሉ ተነገራት። ወሩ ሳያልቅ እናቲቱ አረፈች። ልጅቷ እጇን ይዛ ነበር።

ጥቅሙን ላስረዳ፤ አንዳንዱ አንባቢ "ታዲያ መሞቷ ካልቀረ መናገሩ ምን ፈየደ?" እንደሚል አውቃለሁና። በሽተኛዋ ልጇን ሳትናፍቅ ሞተች። ልጅቷ በር ላይ ቆማ የማይመጣ ሰው አልጠበቀችም፤ የሚለቀሰውን ከሚያለቅሰው ጋር አለቀሰች፣ ትምህርቷንም አላቋረጠች። ሽማግሌው ሁለት ውሸት ተሸክመው ከመዞር ዐረፉ፤ የሚያዝኑበትን ቤት የሚጋራ ሰው አገኙ። ልጅን ከእውነት መሸሸግ የሚቻል ይመስለናል። ልጅ ግን የቤቱን ስፌት ያውቃል፤ ክሩ ሲለወጥ ያያል። ያልነገርነው ነገር አይቀርለትም፣ የሚቀርበት አብሮት የሚሆን ሰው ነው። ዛሬ በሰፈራችን ለልጅ መርዶ መናገር ያቃተው ሰው ጋሽ ሙጫን ይጠራል። እሳቸውም ሄደው አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ እንደምታውቋቸው ነገሩ እስኪነገር አይላቀቁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ጋሽ ሙጫ እኔ ቤት መጡ፤ ፊታቸው እንደዚያን ቀን ጠቁሯል። በእጃቸው አዲሱን እትም ይዘዋል።

"አስነሷት" አሉኝ። "የምሰሶን እናት ከሌላ ማዶ አመጧት። ጤነኛ ሆና፣ ስቃ፣ በሩን ታንኳኳለች። አላልኩህም? ይሄው ጠባዩ ነው! ልጅቷ ይሄን ስታይ ምን ትሆናለች? ገጹን ላወጣ ምላጩን አንሥቼ ነበር።"

"እና?"

"መልሼ አስቀመጥኩት።"

አብረን ወደ እሳቸው ቤት ሄድን። ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አያቷ መጽሔቱን አጠገቧ አኖሩላት፤ መጀመሪያ ሽቦውን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየችና አንገቷን ነቀነቀች። አንብባ እስክትጨርስ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆየች፤ የሴትዮዋን ፊት በጣቷ ነካችው። ከዚያ መጽሔቱን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"ደራሲዎቹ ሊሰናበቷት አልቻሉም፣ አባባ" አለች። "እኛ ግን ቻልን።"

ክርክር የማይለቁት ጋሽ ሙጫ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።